ግሽ ዓባይን ለመሳለም እንዴት ይኬዳል?

የዓባይ ወንዝ መነሻ በሆነው በግሽ ዓባይ ጠበል አንድ የማይታለፍ ደንብ አለ፤ በዕለቱ እህል የቀመሰ ሰው ወደ ምንጩ አይገባም። ቁርሱን በልቶ ከሰዓት የደረሰ እንግዳ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አይቶ ይመለሳል። ስለዚህ ሰከላ ወረዳ ግሽ ዓባይ ከተማ ዋዜማውን ገብተው ይደሩና በማግስቱ ምንም ሳይቀምሱ በጠዋት ይሂዱ።

ቀን ሲመርጡ ጥር 13ን ያስቡ። የጻድቁ አቡነ ዘርዓ ብሩክ በዓል ነው፤ ከቃና ዘገሊላ ማግስት ስለሚውል ጥምቀትን ጎጃም ያሳለፈ ሰው ባንድ ጉዞ ይደርስበታል። ታዲያ የዚያን ሰሞን ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ማደሪያ አስቀድመው ካልያዙ ጋቢዎን ለብሰው ከምእመኑ ጋር ደጅ ማደር ሊመጣ ይችላል። ረጋ ብሎ መጸለይ ለሚፈልግ ሌላ የበጋ ቀን ይሻላል። ክረምቱን ግን ይተዉት፤ ጭቃው አያስኬድም።

ከአዲስ አበባ የሚመጡ ከሆነ በደብረ ማርቆስና በቡሬ አልፈው ቲሊሊ ላይ ይወርዳሉ። ከባሕር ዳር የሚነሱ ደግሞ በዳንግላና በእንጅባራ አድርገው እዚያው ቲሊሊ ይደርሳሉ። ከዚያ ወደ ሰከላ የሚያስገባውን መንገድ መያዝ ነው። ከመነሳትዎ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን እዚያው ለሚኖር ሰው ደውለው ያረጋግጡ።

አገሩ ደጋ ነው፤ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ጋቢ፣ ነጭ ነጠላ፣ ለሴቶች ረጅም ቀሚስ፣ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ ይያዙ። ለጠበሉ ባዶ ሃይላንድ ወይም ትንሽ ጀሪካን አይርሱ።

ጠዋት መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑን ይሳለሙ። ወደ ምንጩ ሲቀርቡ ጫማዎን አውልቀው ተራ ይያዙ፤ መጠመቅና መጠጣት በአገልጋዮቹ ትእዛዝ ነው። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት እንደ ማንኛውም ጠበል ትቆያለች። ፎቶ ለማንሳት አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ ሰው ሲጠመቅ ባያነሱ ግን ደስ ይለኛል።

ጢስ ዓባይን አይቶ የመጣ ሰው እዚህ የሚያየው ትንሽነቱ ያስገርመዋል። ከለምለም መስክ መሀል የምትፈልቅ ጠባብ ዓይነ ውኃ ናት፤ ግልገል ዓባይ ሆና ጣና የምትገባው እሷ ናት። አቡነ ዘርዓ ብሩክ የጸሎት መጻሕፍታቸውን ለዚህች ውኃ አደራ ሰጥተው፣ ከዘመናት በኋላ ሳይረጥቡ እንደተቀበሉ ካህናቱ ይተርካሉ። ጊዜ ካላቸው ታሪኩን ከእነሱ አፍ ይስሙት። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ቄስ በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 (በፈረንጆች አቆጣጠር) እዚህ ደርሰዋል። ብሩስ ቀዳሚው እኔ ነኝ ባይ ነበር፤ የሰከላ ገበሬ ከብቱን ውኃ ሲያጠጣ የኖረበትን ማለቱ ነው እንግዲህ!

ጠበሉን ከጠጡ በኋላ ጥቂት ቆይተው ይፍቱ። ለዚህ የሚሆን በሶ ወይም ዳቦ ቆሎ በስንቅዎ ይኑር። ከዚያ ሳይውሉ ይነሱ፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ቲሊሊ የሚመለስ መኪና እየሳሳ ይሄዳል።