የመርከብ ሞዴል ሳጥን ስትሠሩ ኦክ እንጨት ይቅርባችሁ

ለባሕር ታሪክ ሙዚየም የመስታወት ሳጥን የምትሠሩ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኦክ እንጨት አትጠቀሙ። ያምራል፣ ከመርከብ ጋርም ይሄዳል፤ አውቃለሁ። ችግሩ ግን ይተነፍሳል። የሚያወጣው ደግሞ ኮምጣጤን የሚያኮመጥጠውን ያንኑ አሲድ ነው። ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨፍልቆ የሚሠራው ጣውላ) እና ኮምፔርሳቶም ከዚህ አያመልጡም።

በድሮ የመርከብ ሞዴሎች ላይ መልሕቁና ትንንሾቹ መድፎች ብዙ ጊዜ ከእርሳስ ነው የሚሠሩት። እርሳስ ይህን አሲድ አይችልም። ጥብቅ ብሎ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ሲቆይ ነጭ ዱቄት ያበቅላል። አቧራ መስሏችሁ እፍ እንዳትሉት፣ መርዝ ነው! ዝም ከተባለ መድፉ ራሱ ተፈርፍሮ ያልቃል።

ስለዚህ ሳጥኑን በመስታወትና በፓውደር ኮት (በዱቄት ተረጭቶ በሙቀት የሚጋገር ቀለም) በተቀባ ብረት ሥሩት። መገጣጠሚያውን የምትደፍኑበትን ሲሊኮን ስትገዙ ትንሽ ጨመቅ አድርጋችሁ አሽቱት፤ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለ መልሱት። ለምንጣፉ ጨርቅና ለኮላው ደግሞ የኦዲ ሙከራ (አንድ ዕቃ ብረትን የሚጎዳ ነገር ይተነፍስ እንደሆነ የሚለይ ሙከራ) አለላችሁ። ቁራጩን ከእርሳስ፣ ከመዳብና ከብር ቅንጣቢ ጋር፣ ትንሽ ውሃ ጨምራችሁ በታሸገ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ28 ቀን ታቆያላችሁ። ከቅንጣቢዎቹ አንዱ ከጠቆረ ወይም ነጭ ካወጣ ያ ዕቃ አይገባም። 28 ቀን ረጅም ነው፣ ደንበኛም ይነጫነጫል፤ ግን ቀድማችሁ ጀምሩት።

አምፖሉ ከሳጥኑ ውጭ ይሁን፣ ሙቀት እንዳያስገባ። እርጥበት ለሚመጠው ሲሊካ ጄልም (በጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛት ከረጢት ታላቅ ወንድም) መስታወቱ ሳይነካ ከሥር የሚሳብ መሳቢያ ተዉለት።