የአሮጌ ፎቶግራፍ ስካን ለምን ይበላሻል?

የእናቴን የሠርግ ፎቶግራፍ ስካን ባደረግሁ ዕለት ፊቷ ላይ የተረጩትን ነጫጭ ነጥቦች በኮምፒውተር አንድ በአንድ ሳጠፋ አመሸሁ። ቀጥሎ የአያቴን ፎቶግራፍ ሳስቀምጥ ነጥቦቹ እዚያው ቦታቸው ላይ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ ወደ ኮምፒውተሩ ከመሄድዎ በፊት መስታወቱንና ወረቀቱን ይመርምሩ።

ነጥብና መስመር

ነጥቡ የማን እንደሆነ ለማወቅ ፎቶግራፉን ጥቂት ፈቀቅ አድርገው ይድገሙት። ነጥቡ አብሮ ከሄደ ያለው ፎቶግራፉ ላይ ነው፤ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት። ውኃ ፈጽሞ አያስነኩት፤ ምስሉን የያዘው ጄላቲን ርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ይጣበቃልም። ነጥቡ ባለበት ከቀረ ግን ቆሻሻው መስታወቱ ላይ ነው። የጽዳት ፈሳሹን ክር በማይተው ጨርቅ ላይ እንጂ በቀጥታ መስታወቱ ላይ አይርጩ፤ በጠርዙ ሰርጎ ወደ ውስጥ ይገባል።

ምስሉን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ቀጭን መስመር መነሻው ሌላ ነው። ብዙዎቹ ስካነሮች ሥራ ሲጀምሩ ነጭን የሚለኩት በመስታወቱ ጫፍ ሥር በተለጠፈች ነጭ ሰቅ ነው። እዚያ ላይ አንዲት ብናኝ ካረፈች ልኬቱ ይሳሳታል፤ ስህተቱም በምስሉ ሙሉ ርዝመት ይጎተታል። በዚያ ጫፍ ያለውን መስታወት አጥርተው ይሞክሩ። መስመሩ ካልጠፋ ብናኙ ከውስጥ ነው፤ መሣሪያውን የሚከፍት ባለሙያ ያስፈልጋል።

ፊት ላይ የሚታይ ጥቃቅን ብልጭታ

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ፎቶ ቤቶች በአንድ ወቅት ይወዱት የነበረው ሸካራ ወረቀት በእጅ ሲያዝ ያምራል፤ ስካነር ውስጥ ግን የሰውን ፊት በወንፊት እንደተሸፈነ ያስመስለዋል። ምክንያቱ የስካነሩ ብርሃን ከአንድ ወገን አጋድሎ መምጣቱ ነው፤ እያንዳንዷ ጉብታ በአንድ ጎኗ ታብረቀርቃለች፣ በሌላው ጥላ ትጥላለች።

መፍትሄው ትዕግሥት ይጠይቃል። አንድ ጊዜ ስካን ያድርጉ፤ ፎቶግራፉን 180 ዲግሪ አዙረው ይድገሙት። በምስል ማረሚያ ፕሮግራም ሁለተኛውን ቀና አድርገው በመጀመሪያው ላይ በትክክል ይደርቡት፤ የላይኛውን ግልጽነት 50 በመቶ ያድርጉት። የአንዱ ብልጭታ በሌላው ጥላ ይለዝባል፣ ፊቱም ይወጣል።

የቀስተ ደመና ቀለበት

አንጸባራቂ ፎቶግራፍ ከመስታወቱ ጋር ሲጣበቅ በመካከል በሚቀረው እጅግ ስስ አየር ምክንያት ቀለበት ይፈጠራል። ከስስ ካርቶን ክፈፍ ቆርጠው ፎቶግራፉን ከፍ ያድርጉት። ይህ የሚሠራው ግን ሲሲዲ በሚባለው፣ ምስሉን በሌንስ በሚያነሳው ወፈር ያለ ስካነር ነው፤ ቀጫጭኖቹ ሲአይኤስ ስካነሮች ከመስታወቱ ጥቂት የራቀውን ሁሉ ያደበዝዛሉ።

ጉርድ ፎቶግራፍ ሲያድግ ይፈርሳል

3 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉርድ ፎቶግራፍ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 የምስል ነጥብ) ሲነሳ 354 በ472 የምስል ነጥብ ብቻ ይሰጣል። በ1200 ያንሱት፤ እስከ 12 በ16 ሴንቲ ሜትር ድረስ በጥራት ይታተማል። በመሣሪያው ካርቶን ላይ በትልቁ በሚጻፈው ቁጥር አይታለሉ፤ የሚታመነው ኦፕቲካል የሚለው፣ መሣሪያው በእርግጥ የሚያነበው ቁጥር ነው።

ሥዕል

የብራና ሥዕልን መስታወት ላይ አስተኝቶ ክዳን መጫን በደል ነው። የተኮማተረ ብራና በግድ ሲዘረጋ ቀለሙ ይረግፋል፤ ወርቅ ቅቡም በስካነር ጠቁሮ ይወጣል። ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ መብራት አድርገው በካሜራ ያንሱት። ከኤ4 የሚበልጥ የወረቀት ሥዕል ከሆነ ክፍሎቹ እንዲደራረቡ እያደረጉ በስካነር በየክፍሉ ያንሱትና በኮምፒውተር ያገጣጥሙት፤ ወረቀቱን ያንሸራትቱ እንጂ አያዙሩት። ከዞረ የጥላው አቅጣጫ ይገለበጣልና መጋጠሚያው ያስታውቃል።

እኔ ጋ ጥርት ያለው ወንድሜ ጋ ደብዝዞ ደረሰ

ስካነሩ ምንም አላጠፋም። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከለትን ምስል ያሳንሳል። እንደ ፋይል አድርገው ይላኩት።