«ደብዳቤ ይዘው ይምጡ»፦ በመረጃ ነፃነት ሥልጠና ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ወረዳ ሠራተኞች በመረጃ ነፃነት ላይ ሥልጠና ሰጥቼ ስመለስ ልቤ ሞልቶ ነበር። አዳራሹ ሰው አላጣም፣ ውይይቱ ሞቅ ያለ ነበር፣ በማጠቃለያው ፈተናም አብዛኛው ሠልጣኝ ጥሩ ውጤት አምጥቷል። ከሁለት ወር በኋላ ለሌላ ጉዳይ ወደዚያው ጽሕፈት ቤት ሄጄ በር ላይ ለፍተሻ ተራዬን ስጠብቅ፣ ከፊቴ የቆሙ አንድ አዛውንት ለቀበሌያቸው የውኃ ጉድጓድ ምን ያህል ገንዘብ እንደተያዘ ለማወቅ መምጣታቸውን ለጥበቃው ሲነግሩት ሰማሁ።

«አባባ፣ ከቀበሌ ደብዳቤ ይዘዋል?»

«አልያዝኩም፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ደብዳቤ ይዘው ይምጡ።»

ጥበቃው ትሑት ወጣት ነው፤ ክፋት አላየሁበትም። አዛውንቱ ግን ዱላቸውን ይዘው ተመለሱ። ያ ወጣት በሥልጠናው አዳራሽ አልነበረም፤ ያልጠራሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የራሴንም የሌሎች አሠልጣኞችንም ሥራ በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። እዚህ የምዘረዝራቸው ስህተቶች በዚህ መንገድ የተለቀሙ ናቸው።

የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊውን ብቻ ማሠልጠን

የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመረጃ ጥያቄ ተቀብሎ መልስ የመስጠትን ሥራ ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ሰጥቷል። የአዋጁን የመገናኛ ብዙኃን ክፍል በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1238 ቢተካውም፣ መረጃ የማግኘት መብትን የሚመለከተው ክፍል አሁንም የምንሠራበት ሕግ ነው። በዚህ የተነሳ የሥልጠና ጥሪ ሲተላለፍ የሚጠራው የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያው ብቻ ይሆናል።

ጥያቄው ግን እሱ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በጥበቃው፣ በጸሐፊዋና በመዝገብ ቤት ሠራተኛው በኩል ያልፋል። ሰነዱም ያለው በእሱ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በመዝገብ ቤቱ መደርደሪያ ወይም በፋይናንስ ክፍሉ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ለጥበቃና ለጸሐፊ ሙሉ ሥልጠና አያስፈልጋቸውም፤ ግማሽ ቀን ይበቃቸዋል። መረጃ ጠያቂን ደብዳቤ አምጣ እንዳይሉ፣ ጥያቄ ተቀባዩ ማን እንደሆነና የትኛው ቢሮ እንደሚገኝ እንዲያውቁ፣ እሱ በሌለ ቀን ማን እንደሚተካው እንዲነግሩ ነው የሚፈለገው።

የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያው ራሱም የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። የዘወትር ሥራው የመሥሪያ ቤቱን በጎ ገጽታ ማሳየት ነው፤ ሕጉ ደግሞ ገጽታውን የሚያጠለሽ ሰነድ ሲጠየቅም እንዲሰጥ ይጠይቀዋል። ይህ ግጭት በሥልጠናው ላይ በግልጽ መነሳት አለበት። ሳናነሳው ካለፍነው ባለሙያው ሲጨንቀው የሚያጋድለው ወደ ለመደው ሥራ ነው።

አዋጁን አንቀጽ በአንቀጽ ማንበብ

ሠልጣኞች ከአዳራሹ ሲወጡ ከመብቱ ይልቅ ክልከላዎቹን አጥንተው ይወጣሉ። የዚህም ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በአዋጁ ውስጥ ብዙ አንቀጽ የያዙት ክልከላዎቹ ናቸው። የአገር ደኅንነት፣ የካቢኔ ሰነድ፣ የሦስተኛ ወገን የግል መረጃ፣ የንግድ ምስጢር፣ በምርመራ ላይ ያለ ጉዳይ እየተባለ ሲነበብ ከሰዓት በኋላው ያልቃል። በመጨረሻ ሠራተኛው የሚያስታውሰው የመከልከያ ምክንያት ዝርዝር ነው።

መነሻው ሕገ መንግሥቱ ቢሆን ይሻላል። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል፤ አንቀጽ 29 ደግሞ መረጃ የመሻት፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነፃነትን ያረጋግጣል። ሠልጣኙ መስጠት መርህ፣ መከልከል ደግሞ ምክንያት የሚጠየቅበት ልዩ ሁኔታ መሆኑን ከያዘ በኋላ ክልከላዎቹን በተጨባጭ ጥያቄ ላይ ይሞክራቸው። እኔ አሁን አንድ የመንገድ ሥራ ውል አዘጋጅቼ እሰጣቸዋለሁ። ዋጋው ይሰጣል? የተቋራጩ የባንክ ሒሳብ ቁጥርስ? የጨረታ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤስ? አብዛኛው ቡድን መጀመሪያ «ሙሉው ይከልከል» ይላል። ገጽ በገጽ ስንሄድበት ግን በጥቁር ቀለም መሸፈን ያለበት ጥቂት መስመር ብቻ እንደሆነ ራሳቸው ያገኙታል። የሕዝብ ጥቅም ከሚደርሰው ጉዳት ጋር እንዴት እንደሚመዘንም የሚገባቸው በዚህ ልምምድ ላይ ነው፤ በስላይድ ሳስረዳ የተረዳኝ ሰው አላስታውስም።

በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ከአሁን በኋላ ከዚህ ሥልጠና ሊቀር አይገባም። አስፈላጊና የዘገየ ሕግ ነው፤ ነገር ግን የሰው ስም ያለበትን ወረቀት ሁሉ መደበቂያ እንዳይሆን እሰጋለሁ። የታካሚ ካርድና የግንባታ ፈቃድ የፈረመ ኃላፊ ስም አንድ አይደሉም። ልዩነቱን ሠራተኛው በምሳሌ ካልተለማመደው ሁለቱንም ይከለክላል።

ፍርሃቱን ሳያነሱ ማለፍ

ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው ይህ ይመስለኛል። በሻይ እረፍት ላይ አንድ ባለሙያ የነገረኝን አልረሳውም፦ «ብሰጥ እኔ እጠየቃለሁ፤ ብከለክል የሚጠይቀኝ የለም።» የመሥሪያ ቤቶቻችን ልማድ በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ይገለጻል። ሰነድ በመስጠቱ ለምን ሰጠህ የተባለ ሠራተኛ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሳይሰጥ በመቅረቱ የተገመገመ ግን እምብዛም አይሰማም። ሕጉን በቃሉ ቢያውቀውም እጁን የሚይዘው ይህ ሒሳብ ነው።

ስለዚህ የበላይ ኃላፊው በሌለበት የሚሰጥ ሥልጠና ግማሽ ሥልጠና ነው። ኃላፊዎች ሥልጠናውን ከፍተው፣ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር አድርገው ወደ ስብሰባ መሄድ ለምደዋል። እንዲቆዩ አጥብቀን እንጠይቅ። ቅሬታ ሲነሳ መጀመሪያ የሚመለከተው እሳቸውን ነው፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ወደ ኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ቀጥሎም ወደ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። ይህን ደረጃ የማያውቅ ኃላፊ የበታቹን ክልከላ ሳያየው ያጸድቃል።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ከአዳራሹ ሳይወጡ ኃላፊውና ሠራተኞቹ ተቀምጠው ያለ ተጨማሪ ፈቃድ የሚሰጡ ሰነዶችን ዝርዝር ያውጡ፦ በጀት፣ ዓመታዊ ዕቅድ፣ የአፈጻጸም ሪፖርት፣ መመሪያ፣ የአገልግሎት ክፍያ ተመን። ኃላፊው ይፈርሙበት፣ ማህተም ይደረግበት፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ፊርማ ያለበት ወረቀት ከእኔ ሦስት ቀን ንግግር ይልቅ ሠራተኛውን ያደፋፍረዋል።

መዝገብ ቤቱን መርሳት

ሥልጠናው አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ሆቴል ውስጥ ይሰጣል፤ ፋይሉ ግን ያለው ወረዳው ላይ ነው። ከቻልን ቢያንስ አንዱን ቀን መዝገብ ቤት ውስጥ እናሳልፍ። «ከአምስት ዓመት በፊት የተደረገውን የዚህን ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ በአንድ ሰዓት ውስጥ አምጡ» ብዬ ሳዝ የሚሆነውን ማየት ያስተምራል። አንዳንዱ ፋይል በሰው ጭንቅላት ብቻ ይታወቃል፤ ያ ሰው ዓመት ፈቃድ ከወጣ ሰነዱም አብሮት ወጣ ማለት ነው።

የጥያቄ መዝገብም እዚሁ ይነሳል። ሕጉ መልስ ለመስጠት ያስቀመጠው መደበኛ ጊዜ 30 ቀን ነው፤ ጥያቄው የገባበት ቀን ካልተጻፈ ግን ቀኑን ከየት ተነስተን እንቆጥራለን? መጻፍ የማይችል ሰው በቃል ሲጠይቅ ጥያቄውን በጽሑፍ የማስፈር ግዴታ ያለበት ተቀባዩ ነው። ይህን ሠልጣኞችን ጥንድ ጥንድ አድርጌ አለማምዳቸዋለሁ፤ አንዱ ባለጉዳይ ይሆናል፣ ሌላው ሰምቶ ይጽፍና መልሶ ያነብለታል። ብዙዎች ባለጉዳዩ ያላለውን ጽፈው ሲያገኙት ይደነግጣሉ።

«ለምን ፈለግኸው?» የሚለውን ጥያቄ አለማረም

ሕጉ መብቱን የሰጠው ለማንኛውም ሰው ነው። ለማስረዳት አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ «ለምን?» የሚለውን ከአፍ ለማስቀረት ግን ተደጋጋሚ ልምምድ ይጠይቃል። «የትኛውን ዓመት ነው የሚፈልጉት?» ብሎ ሰነዱን ለማግኘት መጠየቅ ደግና ተገቢ ነው፤ ምክንያት መጠየቅ ግን ሰውን ያሸማቅቃል።

በአንድ ቋንቋ ብቻ ማሠልጠን

የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ ወይም ሶማሊኛ ለሆነ መሥሪያ ቤት የአማርኛ የመረጃ መጠየቂያ ቅጽ ይዞ መሄድ ቅጹን መሳቢያ ውስጥ እንዲቀር መፍረድ ነው።

መከልከልን አለማስተማር

ይህ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በሥርዓት መከልከል የማይችል ሠራተኛ «አይቻልም» ብሎ ያሰናብታል። በቃል በተነገረ «አይቻልም» ላይ ቅሬታ ማቅረብ ያስቸግራል፣ ፍርድ ቤትም ሊመዝነው ይከብደዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ የክልከላ ደብዳቤ በእጁ ይጻፍ፦ የተጠየቀው ምንድን ነው፣ የተከለከለው በየትኛው ድንጋጌና በምን ምክንያት ነው፣ ጠያቂው ቅር ከተሰኘ ወዴት ይሂድ። ደብዳቤውን መጻፍ ሲጀምሩ ምክንያት አጥተው ብዕራቸውን ያስቀመጡና «እንግዲያው ይሰጠዋ!» ያሉ ሠልጣኞች ገጥመውኛል።

የተሰብሳቢ ቁጥር ቆጥሮ ሪፖርት ማድረግ

የሠለጠነው ሰው በስድስት ወር ውስጥ ሊዛወር ይችላል። ለተተኪው የሚያስረክበው ቅጽ፣ የጥያቄ መዝገብና የተፈረመ የሰነድ ዝርዝር ከሌለ ሥልጠናው አብሮት ይሄዳል። በአበል መክፈያ ላይ የፈረሙትን ቆጥሮ ሪፖርት መጻፍ ይህን አያሳይም።

እኔ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሼ የጥያቄ መዝገቡን አያለሁ። ባዶ ሆኖ ሳገኘው ብዙ ጊዜ «ጠያቂ አልመጣም» ይሉኛል። ያን ጊዜ ወደ በሩ ወርጄ ባለፈው ሳምንት ስንት ሰው ደብዳቤ ይዘው ይምጡ ብሎ እንደመለሰ ጥበቃውን እጠይቀዋለሁ።