ገጠር ትምህርት ቤት ውስጥ የጤና አገልግሎት ማስጀመር፦ ብሩ ከየት፣ ሥራው በማን?

ይህ ጉዳይ ሲነሣ ብዙ ርዕሰ መምህር መጀመሪያ የሚለው «ክሊኒክ ይሠራልን» ነው። ተዉት። ክፍሉ ተሠርቶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ነርስ ስላልተመደበለት የኳስና የመረብ ማስቀመጫ ሆኖ የቀረ አይቻለሁ። ባለሙያው ያለው ጤና ኬላ ነው። የእናንተ ሥራ እሱን ግቢያችሁ ማስገባት ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲዘረጋ ለአንድ የገጠር ቀበሌ አንድ ጤና ኬላና ሁለት ሠራተኞች፣ ለአምስት ኬላ ደግሞ አንድ ጤና ጣቢያ ተብሎ ነው። ስለዚህ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ቡና ጠጡ፤ ግን በቡናው ላይ አትቁሙ። ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ጻፉ፣ የምትመጣባቸው ቀናትም በእቅዷ ውስጥ ይግቡ። አለበለዚያ ቀኑ ሲደርስ «ስብሰባ ተጠራሁ» ትላችኋለች። እውነቷን ነው፣ ይጠሯታል።

አሁን ወደ ብሩ። ትልቁ ወጪ የእናንተ አይደለም። በትምህርት ቤት የሚሰጠው የሆድ ትላትል መድኃኒት ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ በአገር አቀፍ ዘመቻ በነፃ ነው፤ የማኅፀን በር ካንሰር ክትባትም በ2011 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ሲጀመር በነፃ ነበር። ከእናንተ የሚፈለገው ትክክለኛ የስምና የዕድሜ ዝርዝር ነው፣ ትምህርት ያቋረጡት ልጆች ሳይቀሩ። ሳሙና፣ ጀሪካን፣ የቁስል ማሰሪያና አልኮል ለትምህርት ቤቱ ከሚመደበው ድጎማ፣ ከስኩል ግራንት፣ ሊገዛ ይችላል፤ ግን በትምህርት ቤት ማሻሻያ እቅዱ ላይ ካልሰፈረ ገንዘብ ያዡ አይከፍልም፣ ልክም ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ወተመህን (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱን) ሚያዝያ ላይ ሰብስባችሁ ቃለ ጉባኤ ያዙ። ሣር ወይም ባሕር ዛፍ ካላችሁ ሽጡት። ከወላጅ የሚመጣ ብር ደረሰኝ ይቆረጥለት፣ ዕቃውም በሞዴል 19 (በዕቃ መቀበያ ደረሰኝ) ገቢ ይሁን። ሁለት መቶ ብር ጠፋ የሚል ወሬ ሦስት ዓመት ያስወራል።

የመድኃኒቱ ቀን ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። የሆድ ትላትሉ መድኃኒት አልቤንዳዞል ቀላል ነው፣ ለተማሪ ሁሉ አንድ አንድ ፍሬ። ለቢልሃርዚያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል ግን ልጁ በቁመት መለኪያው እንጨት አጠገብ ቆሞ እንደ ቁመቱ ነው የሚታደለው፤ መራራ ነው፣ ባዶ ሆድም ያቅለሸልሻል። አንድ ዓመት ልጆቹን ጠዋት ከሰልፍ በቀጥታ አሰለፍናቸው። ሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ቁርስ ሳትበላ የመጣች የአራተኛ ክፍል ልጅ አስመለሳት፣ አጠገቧ ያለችው አለቀሰች፣ ከዚያ ሰልፉ ፈረሰ። ወሬው ከእኛ ቀድሞ መንደር ገባ፤ ቀትር ላይ አባቶች ዱላ ይዘው በር ላይ ቆመው ነበር። በዓመቱ እናቶች ባቄላና ስንዴ አዋጡ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ልጁ ሁሉ በእፍኙ እየበላ ዋጠ። ከሳምንት በፊትም በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ አስነገርን። አንድም አባት አልመጣም። ለትንንሾቹ ክኒኑን ጨፍልቁላቸው፤ የሚያለቅስን ልጅ አፉን ይዛችሁ እንዳታስውጡ፣ ትንታ ይገድላል። ያን ቀን የታመመ ልጅ መድኃኒቱን ሳይውጥ ይቆይ።

እጅና ፊት መታጠቢያው ቀላል ነው። አምስት ሊትር ጀሪካን ቀዳዳ አበጅታችሁለት በአጣና ላይ ማንጠልጠል፣ በእግር የሚረገጥ ገመድ ማሰር፣ አለቀ። ደረቅ ሳሙና ይጠፋል፤ ስለዚህ ኦሞ በሃይላንድ ጠርሙስ በጥብጣችሁ ክዳኑን ብሱት። ትራኮማ (ዓይን የሚያሳውር ተላላፊ በሽታ) ባለበት አካባቢ ፊት መታጠብ ከእጅ እኩል ነው። ውኃ የሚቀዳው ማን እንደሆነ በክፍል ተራ አውጡ፣ ሁልጊዜ ሴቶቹ እንዳይሆኑ።

የዓይን ችግርን መምህር ሊለይ ይችላል። የ«ኢ» ሰሌዳ (E ፊደል በየአቅጣጫው የዞረበት የዓይን መመርመሪያ) ግድግዳ ላይ፣ ልጁ ስድስት ሜትር ላይ፣ አንድ ዓይን ሸፍኖ። «ሰነፍ» የተባለ ስንቱ ልጅ ጥቁር ሰሌዳውን ሳያይ የከረመ ነው! መነጽሩ እስኪገኝ ፊት ወንበር አስቀምጡት።

ጆሮው መግል ለሚያወጣውስ፣ እጁ ለተሰበረውስ ማን ይከፍላል? ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን። ቤተሰቡ አባል ከሆነ ልጁም ይታከማል፣ ጤና ጣቢያም ሪፈርም። ችግሩ የአባልነቱ እድሳት ነው። ስለዚህ የሆምሩም መምህራን የእድሳቱ ወቅት ሲደርስ የማን ቤት እንዳላደሰ በስም ይያዙ። መክፈል ለማይችሉት መንግሥት ይከፍላል፣ ግን ስማቸውን የሚመርጠው ቀበሌው ስለሆነ ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት ስሙን አድርሱ። ካርዱ ካልታደሰ የታመመውን ልጅ ይዛችሁ ሄዳችሁ ከካርድ ክፍሉ መስኮት ነው የምትመለሱት።