በሰርግ አዳራሽ የስትሮብ መብራትን በዲጂታል ካሜራ አጥርቶ ስለ መቅረጽ

በጥር ወር በጎንደር ከሰርግ ሰርግ የሚሮጡ የቪዲዮ ባለሙያዎች አንድ ጉዳይ ሳይገጥማቸው አይቀርም። ዲጄው ስትሮቡን፣ ማለትም በፍጥነት ብልጭ ድርግም የሚለውን የጭፈራ መብራት፣ ሲለቀው አዳራሹ ውስጥ ላለ እድምተኛ ሙሽራዋ ሙሉ በሙሉ ብልጭ ብላ ትታየዋለች፤ በቪዲዮው ላይ ግን በአንዱ ፍሬም (ቪዲዮው ከተሠራባቸው ተከታታይ ምስሎች በአንዱ) ከወገቧ በታች ያለው ቀሚስ ቦግ ብሎ ፊቷ ጨለማ ውስጥ ይቀራል፣ በተከታዩ ፍሬም ደግሞ ፊቷ በርቶ ቀሚሷ ይጠፋል። ይህ ካሜራው ስለተበላሸ የሚመጣ አይደለም።

አብዛኞቹ የዛሬ ካሜራዎችና ስልኮች ምስሉን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ያነባሉ። በሰከንድ 25 ፍሬም ሲቀረጽ ለአንድ ፍሬም የሚደርሰው ጊዜ 40 ሚሊሰከንድ ነው፤ የስትሮብ ብልጭታ ግን ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሚሊሰከንድ አያልፍም። ስለዚህ ብልጭታው ንባቡ መሐል ላይ ሲደርስ ቀድመው የተነበቡት የላይኛዎቹ መስመሮች ያመልጣቸዋል፣ ገና ያልተነበቡት የታችኛዎቹ ይይዙታል። ሲሲዲ የተባለው ሴንሰር (ብርሃን ተቀብሎ ምስል የሚያነሣው ክፍል) የነበራቸው የቆዩ የካሴት ካሜራዎች መላውን ምስል በአንድ ጊዜ ያነሡ ስለነበር ይህ ግርዶሽ አልነበረባቸውም። ዛሬም በዚያው መንገድ የሚሠሩ ካሜራዎች አሉ፤ ዋጋቸው ግን ለሰርግ ሥራ የሚቀመስ አይደለም።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሸተሩን ፍጥነት ይጨምራል፣ ማለትም ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ ያሳጥራል፤ ይህ ችግሩን ያባብሰዋል። ሸተሩ 1/200 ሰከንድ ላይ ከሆነ እያንዳንዱ መስመር ከ40 ሚሊሰከንዱ ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ለ5 ብቻ ስለሆነ አብዛኛው ብልጭታ ሳይቀረጽ ያልፋል፣ የተያዘውም ቀጭን ነጭ መቀነት ሆኖ ይቀራል። ካሜራውን በእጅ ማስተካከያ ላይ አድርጎ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሸተሩን 1/25 ላይ ማቆም ይሻላል፤ እንዲህ ሲሆን ብልጭታው ለሁለት ተከፍሎ ቢታይም ከነጭራሹ የሚጠፋበት መስመር አይኖርም። በእርግጥ የአዳራሹ መደበኛ መብራት ደምቆ እስክስታ የሚመታ ከሆነ ትከሻው ይደበዝዛልና፣ 1/25ን መብራቱ ለጠፋበትና ስትሮቡ ብቻውን ለቀረበት ሰዓት ማቆየት ይገባል። ነጩ ቀሚስና ነጠላው እንዳይቃጠሉ አይኤስኦው (የካሜራው የብርሃን ስሜት መጠን) በብልጭታው ልክ ዝቅ ተደርጎ ይቆለፍ፤ አውቶማቲክ ፎከስም ይጥፋ፣ አለበለዚያ ካሜራው በየብልጭታው ሲባዝን ያመሻል።

ከዲጄው ጋር አስቀድሞ መነጋገርም ይጠቅማል። ብልጭታው በሰከንድ 5 ጊዜ በትክክል ከሆነ ግርዶሹ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ግን ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል። በሰከንድ ከ3 በላይ የሆነ ብልጭታ ብርሃን የሚጥል በሽታ በሚቀሰቅስባቸው ሰዎች ላይ አደጋ ስላለው፣ ፍጥነቱን ዝቅ ማስደረግ ለእድምተኛውም ለተመልካቹም ይበጃል።

የአዳራሹ መደበኛ መብራት በምስሉ ላይ የሚፈጥረው አግድም መስመር ከዚህ የተለየ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ በመሆኑ መብራቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ 1/25፣ 1/50 ወይም 1/100 ሸተር ይህን ያጠፋዋል። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ሲነሣ ግን ድግግሞሹ ሊዋዥቅ ስለሚችል ምስሉን እንደገና ማየት ያስፈልጋል።

የቀረው በኤዲቲንግ ይስተካከላል። በ1/25 የተቀረጹት ሁለቱ ግማሾች የአንድ ብልጭታ፣ የአንዲት ቅጽበት ምስል ስለሆኑ ሙሽራዋ ብትንቀሳቀስም ስፌቱ ላይ ይገጥማሉ። ተከታዩን ፍሬም ገልብጦ ከፊተኛው በላይ በማስቀመጥ የመቀላቀያውን ዘዴ ላይተን (Lighten፣ ከሁለቱ ምስሎች ብሩሁን የሚያስቀር) ላይ ማድረግ፣ ከዚያም በተከታዩ ፍሬም ምትክ ብልጭታ የሌለበትን ጨለማ ፍሬም መተካት ነው። ሥራው አሰልቺ ስለሆነ ለሙሉው ጭፈራ ሳይሆን ሙሽሮቹ በቅርብ ለሚታዩባቸው ቅንጭቦች ብቻ ቢደረግ ይበቃል።