የላላችው መጥረቢያ እንዴት ጠበቀች

ለካምፒንግ የምይዛት ትንሽ መጥረቢያ ብረቷ ከዛቢያው እየተንሸራተተ አስቸገረኝ። ብዙ ሰው ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፋል፤ እንጨቱ ያብጥና ይጠብቃል። ሲደርቅ ግን ብሶበት ይላላል።

ስለዚህ አዲስ የወይራ ዛቢያ አስገባሁ። የእንጨቱ መስመር ከስለቱ ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሂድ፤ አግድም ከሆነ ቶሎ ይሰበራል። ጫፉን በመጋዝ ሰንጥቄ ብረቱን ሰካሁ። ከዚያ ብረቱን ወደ ታች አንጠልጥዬ የዛቢያውን ቂጥ በእንጨት መዶሻ መታሁ። የሚገርመው፣ ብረቱ ራሱ ወደ ላይ እየወጣ ይጠብቃል! ስንጥቁ ውስጥ በደንብ የደረቀ ሽብልቅ መታሁበት።

ቫርኒሽ አልወድም፤ መዳፍ ላይ ውኃ ያስቋጥራል። የተልባ ዘይት በስሱ አሸሁት። የቀባችሁበትን ጨርቅ ግን ዘርግታችሁ አድርቁት፤ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል።