ላትኬ ሲጠብሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቤታችን ሐኑካን፣ ስምንት ቀን መብራት የሚበራበትን የአይሁድ በዓል፣ ያወቅነው እስራኤል ከገባን በኋላ ነው። በጎንደር መንደሮች የኖሩት የቤተ እስራኤል አባቶችና እናቶች ሰግድንና ፋሲካን፣ ጾማቸውንም ጠብቀው ኖረዋል። ሐኑካ ግን በኦሪት ያልተጻፈ፣ በኋላ ዘመን የመጣ በዓል ስለሆነ በእነሱ ዘንድ አይታወቅም ነበር። ስለዚህ እናቴ እንጀራ ስትጋግር እያየሁ ባድግም ላትኬ ሲጠበስ እያየሁ አላደግሁም። ሦስት ዓመት በራሴ ሞክሬ ሦስቱንም ዓመት አበላሸሁት። በአራተኛው፣ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ይኖሩ የነበሩ ከፖላንድ የመጡ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን፣ በእኛ ልማድ እማማ እላቸው ነበር፣ ወጥ ቤታቸው አስገብተው አሳዩኝ። ከዚህ በታች የምዘረዝረው አብዛኛው ጥፋት በእኔው እጅ የተፈጸመ ነው።

ላትኬ በሐኑካ የሚበላ፣ ከተፈቀፈቀ ድንች በዘይት የሚጠበስ ትንሽ ቂጣ ነው፤ ስሙን ያወጡለት ይዲሽ ተናጋሪዎቹ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ናቸው፤ በዕብራይስጥ ሌቪቫ ይባላል፣ ሲበዛ ሌቪቮት። ለአምስት ሰው የሚበቃው ልክ ይህ ነው፦ 1 ኪሎ ድንች፣ 1 ትልቅ ሽንኩርት፣ 2 እንቁላል፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ እና ብዙ ዘይት። እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ የሚበላሽበት መንገድ ግን ብዙ ነው።

ውሃውን ሳይጨርሱ መተው

ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይህን አይርሱ። ከድንች ክብደት ከአምስት እጅ አራቱ ውሃ ነው። መጥበሻ ላይ ያረፈ ድንች ውሃው እስኪተን ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ አያልፍም፤ ወርቃማ ቀለምና የሚንኮሻኮሽ ጠርዝ የሚመጣው ደግሞ ከዚያ በጣም ከፍ ባለ ሙቀት ነው። ስለዚህ እርጥብ ድንች አይጠበስም፣ ዘይት ውስጥ ይቀቀላል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት በወንፊት አጥልዬ «በቃ» ያልሁት ነገር መጥበሻው ላይ ገንፎ ሆኖ ቀረ።

በወንፊት ማጥለል አይበቃም። የተፈቀፈቀውን ድንችና ሽንኩርት በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይጠቅልሉ፣ ጫፎቹን ሰብስበው ይጠምዝዙ፣ ክንድዎ እስኪዝል ይጭመቁ። ከዚያ ጨርቁን ፈትተው ያገላብጡና እንደገና ይጭመቁ። እማማ የሰማንያ ዓመት ሰው ሆነው እኔ «ጨርሻለሁ» ያልሁትን ጨርቅ ተቀብለውኝ ግማሽ ሲኒ ውሃ አውጥተውበታል። ከ1 ኪሎ ድንች አንድ ብርጭቆ ያህል ካልወጣ ገና ይቀራል ማለት ነው።

የተጨመቀውን ውሃ መድፋት

ውሃውን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይጭመቁት እንጂ ወዲያው አይድፉት። ለአሥር ደቂቃ ያህል ሳይነቀነቅ ይቀመጥ። ቡላ ከእንሰት ተጨምቆ ሲዘቅጥ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ከሳህኑ ሥር ነጭ፣ ወፍራም ነገር ይረጋል። ይህ የድንቹ ስታርች ነው። ከላይ ያለውን ቀይ ውሃ በቀስታ ያፍስሱ፣ ነጩን እየፋቁ ወደ ድንቹ ይመልሱ። ላትኬውን አያይዞ የሚያቆመው ዋናው ነገር ይኸው ነው። ድንቹን ከፈቀፈቁ በኋላ በውሃ ማጠብም ያው ጥፋት ነው፤ ለቺፕስ ይጠቅማል፣ ለላትኬ ግን ማያያዣውን አጥቦ ይወስደዋል።

የማይሆን ድንች መምረጥ

ለወጥ የሚፈለገው ሲበስል ቅርጹን የሚይዘው ድንች ነው፤ ላትኬ የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው። ሲቀቀል የሚፈረካከሰው፣ ዱቄት ዱቄት የሚለው ድንች ስታርቹ ብዙ፣ ውሃውም አነስ ያለ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ረሴት የሚባለውን ውሰዱ።

ዱቄት ማብዛት

ቅልቅሉ የላላ ሲመስለን እጃችን ወደ ዱቄት ይሮጣል። ውሃ ያልወጣለትን ድንች በዱቄት ለማድረቅ መሞከር ነው፣ ውጤቱም ድንች የገባበት ቂጣ ነው። በሁለተኛው ዓመት የሠራሁት እንዲህ ያለ ነበር፤ ልጆቹ በማር በሉት፣ ክፉ አልነበረም፣ ላትኬ ግን አልነበረም። 3 የሾርባ ማንኪያ ለ1 ኪሎ ይበቃል። ብዙ ቤቶች በስንዴ ዱቄት ፋንታ ከፋሲካ ቂጣ የተፈጨ ዱቄት ይጠቀማሉ፣ እኔም እሱን እመርጣለሁ፤ እርጥበት ይመጥጣል እንጂ አይለጠጥም።

ሠርቶ ማስቀመጥ

የተፈቀፈቀ ድንች አየር ሲነካው በውስጡ ባለ ኤንዛይም ምክንያት ይቀላል፣ ቀጥሎም ግራጫ ይሆናል። ሽንኩርቱን ከድንቹ ጋር እያፈራረቁ መፈቅፈቅ መጥቆሩን ያዘገየዋል፣ አያስቀረውም። ጨው ደግሞ ውሃ ይስባል። ጨው ገብቶበት ግማሽ ሰዓት የቆየ ቅልቅል ያን ሁሉ የጭመቃ ድካም ከንቱ ያደርገዋል። ስለዚህ ዘይቱ እሳት ላይ ሳለ ጨው ይጨምሩ፣ ያዋሕዱ፣ ወዲያው ይጥበሱ። በጥብሱ መካከል ከሳህኑ ሥር ውሃ ሲያጠራቅም ካዩ፣ እየዘገኑ በእጅዎ ጨመቅ አድርገው ወደ መጥበሻው ይክተቱ።

ዘይት መሰሰት

በዓሉ የዘይት በዓል ነው። ትውፊቱ እንደሚለው፣ የአይሁድ አርበኞቹ መቃብያን ቤተ መቅደሱን ከግሪካዊው ንጉሥ ከአንጥዮኮስ እጅ አስመልሰው ሲያነጹት የተገኘው ንጹሕ ዘይት ለአንድ ቀን የሚበቃ ነበር፣ ስምንት ቀን ግን አበራ። ዘመኑ 164 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ ነው። (በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የሚነበቡት መጻሕፍተ መቃብያን በስም አንድ ቢሆኑም ታሪካቸው ሌላ ነው፤ ይህን ዘይት እዚያ አያገኙትም።) እንግዲህ ለዚህ መታሰቢያ የሚሠራን ምግብ በአንድ ማንኪያ ዘይት መጥበስ፣ ወይም ዘይት ቀብቶ ምድጃ ውስጥ መጋገር፣ ጤና እንደሆነ ይገባኛል፤ ስሙን ግን ሌላ ይበሉት።

ዘይቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ይኑረው፣ ሙቀቱም ወደ 175 ወይም 180 ዲግሪ ይድረስ። መለኪያ ከሌለ አንዲት የድንች ክር ይጣሉበት፤ ወዲያው ካልጮኸች ይጠብቁ። ያልጋለ ዘይት ወደ ድንቹ ይገባል፣ ጭስ የጀመረው ደግሞ ውጩን አሳርሮ ውስጡን ጥሬ ያስቀራል። መጥበሻውን ማጨናነቅም ዘይቱን በአንድ ጊዜ ያቀዘቅዘዋል፤ በትልቅ መጥበሻ አራት ወይም አምስት ይበቃል።

አንዴ ካስቀመጡት አይነካኩት። ውፍረቱ አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ እንዳይሞላ በማንኪያ ጀርባ ጫን አድርገው ይተዉት። ጠርዙ ቡናማ ሲሆን፣ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ቆይቶ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይገልብጡት። ቶሎ የተገለበጠ ይበታተናል፣ ከዚያም እንቁላል አነሰበት ብለን እንቁላሉን እንወቅሳለን።

ከድኖ ማቆየት

ይህ የእኛ ሰው ስህተት ነው። ምግብ እንዳይቀዘቅዝ መክደን፣ በጨርቅ መሸፈን፣ መደራረብ ለእንጀራ ደግ ነው። ላትኬ ግን ሲከደን እንፋሎቱ ተመልሶ ይገባበትና ተልፈስፍሶ ይቀራል። ዘይቱን በወረቀት ለአፍታ ያስመጥጡና በምድጃው የሽቦ ፍርግርግ ላይ ለየብቻ ደርድረው 100 ዲግሪ ገደማ ላይ ያቆዩት።

ማባያውን ማሳከር

የተለመደው ማባያ ሁለት ነው፦ የኮመጠጠ ክሬም፣ ወይም ተቀቅሎ የተፈጨ ፖም። እዚህ ላይ ካሽሩት የሚባለው የአይሁድ የምግብ ሕግ አለ፤ ሥጋና ወተት አብረው አይቀርቡም። በምሥራቅ አውሮፓ የወይራ ዘይት ሩቅና ውድ ስለነበር ብዙዎች የሚጠብሱት በዝይ ስብ ነበር፤ በስብ የተጠበሰ ላይ ክሬም አይታሰብም፣ ፖም ግን ይሄዳል። በአትክልት ዘይት ከጠበሱ ሁለቱም ይፈቀዳሉ፣ ክሬሙን የሚከለክለው በገበታው ላይ ሥጋ ካለ ነው። ሚጥሚጣ ነስንሶ የሚበላም አውቃለሁ፤ እኔ ራሴ ነኝ።

ድንቹን ከመቃብያን ጋር ማስቀመጥ

ይህ የአጠባበስ ሳይሆን የወሬ ስህተት ነው፤ ገበታ ላይ በየዓመቱ ስለምሰማው ልጨምረው። መቃብያን ድንች አልበሉም። ድንች ከደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ወደ አውሮፓ የተሻገረው በ16ኛው መቶ ዘመን ነው፣ የምሥራቅ አውሮፓ ድሃ ማዕድ ላይ የተዘረጋው ደግሞ በ18ኛውና በ19ኛው። ከዚያ በፊት በጣሊያን አይሁድ ዘንድ በሐኑካ ይጠበስ የነበረው ከአይብ የተሠራ ቂጣ ነው። ይህን ስነግራቸው እማማ አልተገረሙም። «ታዲያ በአይብ ሥራልን» ብለው ጨርቁን ሰጡኝ።

ሁሉም እስኪቀመጥ መጠበቅ

እጅ ታጥቦ፣ ታላላቆች ተቀምጠው፣ ተባርኮ እስኪጀመር ላትኬው ሞቷል። መብራቱ አስቀድሞ ይለኮስ፣ ሰዉ በማዕዱ ዙሪያ ይሰብሰብ፣ ከዚያ መጥበሻው እሳት ላይ ይውጣ። የመጀመሪያዎቹ አራት ለልጆች ይሂዱ፣ ቀጣዮቹ ለታላላቆች። የሚጠብሰው ሰው ድርሻውን እዚያው ምድጃው አጠገብ ቆሞ፣ ጣቱን እያቃጠለው ይበላል።